የተበላሸ ኮፒ

ከወረዳው በር ፊት፣ ከባጃጆች ተራ፣
ስም እያባዛሁ ነው የምበላው እንጀራ።
አንዱ ገጽ አምስት ብር፣ ጀርባው ሲደመር አስር፤
መብራት የሄደ ዕለት ወሬ ነው ከሹፌር።

የጅሬን ሽማግሌ፣ የሄርማታ ነጋዴ
መታወቂያውን ያወጣል ከደረት ኪሱ በዘዴ፤
ተቀብዬ እደፋዋለሁ መስታወቱ ላይ።
ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል በፊቱ፤
ሰው ሲገለበጥ አይሰማውም፣
ግልባጩን ይዞ ይሄዳል ወደ ቤቱ።

አንዳንዴ ቀለም ይፈስና ፊት ይጠቁራል፤
አንዳንዴ ወረቀት ይነከስና ግማሽ ስም ይቀራል።
«ይቅርታ፣ ተበላሸ» እላለሁ፤
የተበላሸውን ካርቶን ውስጥ እጥላለሁ።
ካርቶኑ ሲሞላ በኪሎ ይሸጣል፤
ኦቾሎኒ አዟሪው ነስሩ ይወስደዋል፣
ቀዳዶ፣ ጠቅልሎ፣ መናኸሪያ ያዞረዋል።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ ነበር የሰማሁት፤
ከኦቾሎኒ በታችም ይውላል።

ራዲያ አባ መጫ፣ አቮካዶ ነጋዴዋ፣
ሐሙስ ገበያ መሀል ስልኳ ጮኸ፦
«የተበደሩት ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ቀኑ አልፏል።»
«ማን?»
«እርስዎ።»
መጀመሪያ ሳቀች። ሚዛኑን አስተካከለች።
«እኔ የተበደርኩት ሁለት ሣጥን አቮካዶ ነው፣ እሱንም ከአጎቴ።»
በሳምንቱ የባንክ ሂሳቧ ተዘጋ።
በወሩ፣ አንዲት ሴት በራዲያ ስም
አዳማ ላይ ሱቅ ተከራይታ ጠፋች አሉ።
ራዲያ አዳማን አታውቀውም።

ወደ እድሯ ሄደች፦
«ለሞተ ትከፍላላችሁ፤ በቁሟ ለተሰረቀችስ?»
ዳኛው አባ ፊጣ ጢማቸውን ዳበሱ፤
«ልጄ፣ የኛ ደንብ ሬሳ ይጠይቃል» አሉ፣ ወደ መዝገቡ ተመለሱ።
ሬሳ ከየት ይምጣ? ስሟ አልሞተ፤
ሌላ ከተማ ገብቶ፣ ሌላ ልብስ ለብሶ፣
ይበደራል ገና፣ አንዱን በሌላው መልሶ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች።
የፖሊስ ማመልከቻ፣ የባንክ ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ግልባጭ፣
አሥራ ሁለት ኮፒ።
ሰባተኛው ላይ ማሽኑ ነከሰ፤
ዓይኗና ግንባሯ ወጣ፣ ከአፍንጫ በታች ባዶ።
እጄ ለልማዱ ወደ ካርቶኑ ሄደ፣
ተመለሰ።
ከኔ ካርቶን ይሁን፣ ከሌላ፣ ፈጣሪ ይወቅ፤
አልጠየቀችኝም። ስልሳ ብሯን ቆጥራ ሰጠችኝ።
ተቀበልኳት።

ማታ ባልዲ ውስጥ ነከርኩት፤
ወረቀቱ ሟሸሸ፣ እንደ ገንፎ ሆነ፤
ቀለሙ ግን አይለቅም።
ጨምቄ ባወጣሁት ቁጥር
ከየጣቴ መሀል ቅንድቧ ያየኛል።

በሐምሌ ዝናብ፣ የኢንሹራንሱ ልጅ ሙዘይን
ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ገባ፤
ቅጽ ሊያስባዛ፣ መቶ፦
የማንነት ስርቆት ዋስትና።
እያባዛሁ አነበብኩ፦ በስሙ ብድር ቢወሰድበት፣
ሂሳቡ ቢዘረፍ፣ ለጠበቃው፣ ለምልልሱ፣ ላጣው የሥራ ቀን።
«ስሙንስ ይመልሳል?»
«ብሩን። ለስሙ ደጅ የምትጠናበትን ደግሞ ይከፍላል።»
«ቀድሞ ለተሰረቀ?»
«ለተቃጠለ ቤት የእሳት ዋስትና የለም፤
ለሚቀጥለው እሳት ግን ይቻላል።
ላንተም አንድ ልሙላልህ፤ ስጋትህ በየት በኩል ነው?»

ማሽኑ ጉልበቴ ላይ ይሞቃል።
ካርቶኑ ተረከዜን ነካኝ።
«በኔ በኩል» ልለው አፌ ላይ መጥቶ
ምራቅ ሆነ።

ከመቶው አንዱን አስቀረሁ፤
በራዲያ ስም ሞላሁት፣ የዓመቱን ከፈልኩ።
የመታወቂያ ቁጥሯን ሳልጠይቃት ጻፍኩት፤
በቃሌ አውቀዋለሁና።
ይሄ ራሱ አስደነገጠኝ።
የመጨረሻው መስመር፦ የከፋዩ ዝምድና።
ብዕሬ ቆመ።
«ጎረቤት በል በቃ» አለ ሙዘይን፣ ሰዓቱን እያየ።
ጎረቤት አልኩ።

ነስሩ ከዝናቡ አንገቱን አስገባ፤
«ዛሬስ ወረቀት የለም?»